እንኳን ለሊሾው አደረሳችሁ

ክረምት በገባ ቁጥር የሆሳዕና ሰው ፍዳውን ያይ ነበር። ሰኔ ላይ አረሙ ይንሰራፋል። ሐምሌ ሲመጣ አጥሩ ይዘማል፣ ጓሮው ይላቁጣል፣ ፍልፈል የእንሰቱን ሥር ይጨርሳል። ነሐሴ ሳይጋመስ ደግሞ የሀዲያው የመስከረም በዓል «ያሆዴ ደረሰ» ይባልና እንጨት ፍለጡ፣ ቤት ምረጉ፣ ደጁን አጽዱ፣ ቆጮ አውጡ የሚል ትእዛዝ ይከተላል። ዱራሜም ሾኔም እንዲሁ ነው፤ የከምባታ ሰው በዓሉን መሳላ ብሎ ይጠራው እንጂ ወገቡን የሚያመው እኩል ነው።

ዕድሜ ለዘመናችን ብልሆች፣ ለዚህ ሁሉ መከራ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ጓሮውን ማጥፋት። ጓሮ ከሌለ የጓሮ ሥራ ከየት ይመጣል? አባቶቻችን ይህን የመሰለ አቋራጭ አጠገባቸው እያለ ዘመናቸውን ሁሉ እንሰት ሲተክሉ መኖራቸው ያሳዝናል።

አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በመጀመሪያ ሁለት ጉልበተኛ የቀን ሠራተኞች ይፈለጉና እንሰቱ ከነሥሩ ይነቀላል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ እንደ አየሩ አራትም ስድስትም ዓመት ይፈጃል፤ በደጋው ከዚያም ይዘገያል። ያውም ተተክሎ ዝም አይባልም። ሥሩ ተቆርጦ ከፍግ ጋር ይቀበራል፣ ችግኝ ያወጣል፣ ችግኙ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ጠንከር ሲል ደግሞ እንደገና ይዛወራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ዝውውር፤ የመንግሥት ሠራተኛ እንኳን እንዲህ አይንገላታም። መንቀሉ ግን ግማሽ ቀን አይሞላም። ከዚያ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ጠጠርና አሸዋ ይለብሳል፣ ሲሚንቶ ይፈስሳል። ኪሱ ደህና የሆነ በሊሾው ላይ ታይል ይጨምርበታል፤ ቡኒና ነጭ እያፈራረቀ። የላሜራው በር ላይ ሁለት የብረት አንበሳ ይበየዳል። በሩ ጥግ ሁለት ማሰሮ ይቀመጥና ፕላስቲክ አበባ ይሰካበታል። አለቀ።

«መሬቱ ጠባብ ነው እኮ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ከተማ መሀል 200 ካሬ ላይ የእንሰት ጫካ አይወጣም። የሚገርመው ግን ለሁለት እግር እንሰት የጠበበው ግቢ ለሁለት መኪና ማቆሚያ ሲሆን ይሰፋል። መኪናው የታለ? ይመጣል። ሲሚንቶው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው አይነገረውም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የብዙ ቤት ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ቤት ለቤት እየዞረ ሸጧል። ቀን ሲወጣለት በብረት ፍርግርግ የታጠረች ሱቅ ይከፍትና ማታ ከዕቃው ጋር እዚያው ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. «የውጭ ዜጋ ይውጣልን» ተብሎ ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል ባዶ እጃቸውን የቀሩት ከብርድ ልብሱ እንደገና ጀምረዋል። ደቡብ አፍሪካ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች መንገድ ላይ ተጥለው ተገኙ፤ የዛምቢያ ፖሊስም ኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ እንደሚያምን ተናገረ። ይህን ስጽፍ ሽሙጡ ይጠፋብኛል፤ ወደ ሊሾው ልመለስ።

ልጁ እሑድ ማታ በቪዲዮ ይደውላል። አባት ስልኩን ይዘው ግቢውን ያስጎበኙታል።

«እየው እስቲ፤ ይሄ ታይል ነው። ይሄም ታይል ነው። እዚያ ጋ የምታየው ሊሾ ነው፤ እሱ ለጊዜው ነው፣ ስትልክልን ታይል ይሆናል።»

«ያምራል አባባ። እንሰቱስ የት ሄደ?»

«የቱ እንሰት?»

«ከኩሽናው ኋላ የነበረው፣ አያቴ የተከሉት።»

«እሱማ ተነቀለ! አንተ ልጅ፣ ጆበርግ ገብተህም ከገጠር አልወጣህም እንዴ?»

ልጁ ይስቃል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚተኛ ልጅ ሲሚንቶ ወለል ማሳየት ናፍቆት እንደሚያስታግስ ማን ያውቅ ነበር?

ጓሮው የጠፋው ግን «የክረምቱ ሥራ ስለበዛብን» ነው ተብሏል። በማን ላይ ነው የበዛው? ቡና ላይ ይህን ብትጠይቁ ወንዶቹ ሁሉ ወገባቸውን ይይዛሉ። ለነገሩ አልዋሹም። ጉድጓድ መቆፈር፣ መትከል፣ አጥር ማጠር የወንድ ድርሻ ነው። ግንድ መፍለጥም ቀላል ሥራ አይደለም፤ በተለይ ሲወራ። የቀረችውን ትንሽ ነገር ሴቶቹ ይሠሯታል።

ትንሿ ነገር ይህች ናት። ጎህ ሲቀድ ከብቶቹ ካደሩበት ፍጉን በቅርጫት አፍሶ እንሰቱ ሥር መድፋት፤ ክረምት ከበጋ። ማረም። የደረቀውን ቅጠል ማንሳት። እንሰቱ ሲደርስ ደግሞ መሬቱ ላይ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሳንቃ ዘንበል ተደርጎ ግንድ ላይ ይደገፋል። ሴትየዋ ቁጭ ብላ አንድ እግሯን ወደ ላይ ትሰድድና የእንሰቱን ቅርፊት በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትጠምደዋለች። በሁለት እጇ በያዘችው የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ጭማቂው ፊቷ ላይ ይረጫል፣ ቀሚሷ ይበሰብሳል፤ ቃጫው በአንድ ወገን፣ ለምግብ የሚሆነው በሌላ ወገን ይቆለላል። ሥሩ ጥርስ ባለው እንጨት ተከትክቶ ይደባለቃል። ይጨመቃል። ከጭማቂው ሥር የዘቀጠው ቡላ ይሆናል፤ የቀረው በኮባ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖት ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ነባሩ ባህል ደግሞ ወንድ እዚያ ቦታ ዝር እንዳይል ይከለክላል። ስንት ባህል ጠፋ ተብሎ ይለቀሳል፤ ይሄኛው ግን ከየቤቱ ሳይሸራረፍ እስከ ዛሬ ተከብሮ ኖሯል።

እንግዲህ ሊሾው ሲፈስስ እልል ማለት የነበረባቸው ሴቶቹ ናቸው። ፍግ የለም፣ አረም የለም፣ መፋቅ የለም። ታዲያ ሐምሌ ውስጥ አንዱን ባለ ታይል ግቢ እስቲ አንኳኩ። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለው የሰፈር መንገድ ያው ጭቃ ነው። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ያንን ጭቃ በጫማው ይዞ ነጩ ታይል ላይ ያትመዋል፤ ባጃጁማ በሦስት ጎማ ነው የሚያትመው። እመቤቲቱ በጨርቅ ጎንበስ ብላ ትወለውላለች። ከልጆቹ አንዱ ከትምህርት ቤት ይመጣል፤ ትወለውላለች። መጋቢው ለጸሎት ይመጣሉ፤ «ጫማዬን ላውልቅ እንዴ?» ይላሉ፣ «ኧረ ይግቡ፣ ምን ችግር አለ!» ትላለች፤ ከኋላቸው ትወለውላለች። ማታ አባወራው ጋሼ ይመጣሉ። እሳቸውማ ምንም አይሉም፤ እስከ ሳሎን ይዘልቃሉ። በበነጋው ገበያ ወርደው «ከጓሮ ሥራ ተገላግለናል» ብለው ለጓደኞቻቸው ያወራሉ። ተገላግለዋል። ድሮም አልተያዙም ነበር።

አሮጊቷ እናት ግን ከቤት መውጣት ትተዋል። አፈር ላይ ዘመናቸውን ሙሉ በባዶ እግር የሮጡ ሴት ዝናብ የመታው ታይል ላይ አንድ ቀን ተንሸራተው ወደቁ። መፍትሔ ተፈልጎላቸው በዝናብ ቀን ከውስጥ እንዳይወጡ ተወሰነ።

ዝናቡስ? ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ክረምቷ ደግሞ አይቀልድም። ድሮ የእንሰቱ ቅጠል ጠብታውን ይቀበል ነበር፣ ፍግ የጠጣው አፈር የቀረውን ያሰርገው ነበር። ሊሾ ግን ባለጌ አይደለም፤ የሰው ውሃ አይጠጣም። የጣሪያውንም የግቢውንም ሰብስቦ በላሜራው ሥር አሳልፎ ለታችኛው ጎረቤት ያስረክባል። የታችኛው ጎረቤት አንድ ክረምት ይታገሳል። በሁለተኛው ክረምት ግቢው ኩሬ ሲሆንበት እሱም ሲሚንቶ ያራግፋል፣ ውሃውንም ትንሽ ጨምሮበት ወደ ታች ይመርቃል። ልማት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ እንዲህ በዓይን የሚታይበት ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ ገበያ አለ። ያቺው ሴት መወልወያዋን አስቀምጣ ቆጮ ልትገዛ ትወርዳለች። ቆጮውን የምትሸጥላት ጓሮዋ ገና ያልሠለጠነላት የገጠር ሴት ናት። ለዳቦ መጋገሪያ የሚሆን ኮባ እንኳን በብር ሆኗል፤ ትናንት ከብት የሚበላው፣ ዝናብ ሲመጣ ልጅ ራሱ ላይ የሚደፋው ቅጠል! ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ «ኑሮ ተወደደ» ብለው መንግሥትን ይወቅሳሉ።

በነገራችን ላይ እንሰትን አንፈልግም ያልነው እኛ ብቻ ነን መሰለኝ። 20 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያዊ ይመገበዋል። ለንደን ያለው የኪው ዕፅዋት ተቋም ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ እርሻው ቢስፋፋ አፍሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰው ሊመግብ ይችላል ብለዋል። ድርቅ የሚችል፣ በተፈለገ ጊዜ የሚቆረጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት የሚቀመጥ ምግብ ነው ብለው ይደነቃሉ። ምን ያድርጉ፣ ታይል አላዩም። የእኛዎቹ የእርሻ ባለሙያዎችም ስንት ዓመት አጠውልግ የሚባለውን በሽታ ሲታገሉ ኖረዋል፤ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ ቢላችሁን በእሳት ለብልቡ፣ በሽታው በስለት ይተላለፋል እያሉ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ። አጠውልግ አንዱን እግር ይዞ ሌላውን ይተው ነበር። ሊሾ አይመርጥም።

ደግሞ ችግኝ አንተክልም እንዳትሉን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ሲባል እኛም ወጥተናል፤ ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ እንወጣለን። ጋሼ ቲሸርቱን ለብሰው፣ ዶማ ይዘው፣ ተራራው ላይ ፎቶ ተነስተዋል። እንሰቱ የተነቀለው በዚያው ሳምንት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ተራራው ላይ ያለውን ችግኝ ማን እንደሚያርመው አልተነገረንም፤ መቼም ሚስታቸው እዚያ ድረስ አትወጣም።

አሁን መስከረም ደርሷል። ያሆዴ ነው። ሴቶቹ ዊጆ በሚሉት ማኅበራቸው ቅቤ ሲያዋጡ ከርመዋል፤ ወንዶቹ ቱታ በሚሉት ማኅበራቸው ገንዘባቸውን አጠራቅመው ሰንጋ ገዝተዋል። የዋዜማው ምግብ አተካና ቡላ ስለሚፈልግ ቡላው በኪሎ ተገዝቷል። ሰንጋው ግቢ ሲገባ ትንሽ ችግር ተፈጠረ። ከታይሉ ጋር ስላልተዋወቀ ፊት እግሮቹ ወደ ግራ፣ ኋላ እግሮቹ ወደ ቀኝ ሄዱበት። አራት ሰው ጭራውንና ቀንዱን ይዞ አነሳው። ሁለት ታይል ተሰነጠቀ። ጋሼ ስለ ሰንጋው እግር አልጠየቁም፤ «ያው ቀለም አሁን ገበያ ላይ ይገኝ ይሆን?» አሉ።

ትልቁ ጭንቅ የመጣው ማታ ነው። ልጆቹ ችቦአቸውን አስረው፣ ደጅ ላይ የሚነደውን እንጨት ከምረው እሳት ጠየቁ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«የት ላይ ነው የምትለኩሱት?»

«ደጅ ላይ ነዋ፣ እንደ ድሮው።»

«ታይሉ በሙቀት ይፈነዳል! ጥቀርሻውንስ ማን ያስለቅቀዋል?»

ሚስታቸው ከኩሽና ቀና ብላ አየቻቸው፤ ጥቀርሻውን ማን እንደሚያስለቅቀው ታውቃለች፤ ዝም አለች። ቤተሰቡ መከረ። አንዱ አሸዋ ይነጠፍበት አለ፤ አንዱ ቆርቆሮ ይነጠፍ አለ፤ አንዱ ዘንድሮስ አምፖል ብናበራ ምን አለበት አለ። በመጨረሻ ጋሼ መላ አገኙ።

«ከታችኛው ጎረቤት ግቢ ይለኮስ። እነሱ ገና አፈር አላቸው።»

ትንሹ ልጅ ፈቃድ እንዲጠይቅ ተላከ። ወዲያው እየሮጠ ተመለሰ።

«እሳት አያስገቡም» አለ፤ «ዛሬ ጠዋት አስፈስሰው ገና አልደረቀላቸውም።»