አፑ የለም፣ ነፍስ ይማር

ወገኖቼ፣ የኦጎልቾ ፀሐይና አቧራ ሳይበግራችሁ ለቀብር ስለመጣችሁ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። ጃንጥላ የያዛችሁ ዘርጉ። ስልካችሁን ግን ዝጉ። ሟች በሕይወት ሳሉ የእናንተ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሲቀኑ ኖረዋል፤ ዛሬ እንኳ ይረፉ።

አጭር የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ታዝዣለሁ። ክቡር ሉሚያ የተባሉት ስልክ ከእናታቸው ከፊንላንድና ከአባታቸው ከአሜሪካ በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ለንደን ከተማ ላይ ለሕዝብ ታዩ። ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፤ ይህን በየቀብሩ ስለምትሰሙት እዘለዋለሁ። ስለ ሟች ክፉ ማንሳትም ነውር ነው። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ጠቅሼ አልፋለሁ፦ አፕ አልነበራቸውም።

እኔ ቤት የገቡት በመስከረም 2006 ዓ.ም. ከአሰላ ተገዝተው ነው። ቢጫ ነበሩ። ፊታቸው ላይ ሰድር በሰድር ተደርድሮ፣ ሰድሮቹ ራሳቸው እየተገላበጡ ቀኑን፣ ያልተነበበ መልእክትን፣ የእናቴን ፊት ያሳዩ ነበር። ጎናቸው ላይ የካሜራ ቁልፍ አለች፤ ግማሽ ድረስ ሲጫኗት ታነጣጥራለች፣ ጨርሰው ሲጫኗት ታነሳለች። ባትሪያቸው በጥፍር ይወጣል። ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ወድቀው ለሲሚንቶው ነው ያዘንኩት።

ከዚያ ጎረቤቴ መጥቶ «እስቲ ያንን አፕ ጫንልኝ» ይላል። እከፍታለሁ፣ እፈልጋለሁ። የለም። መዝሙሩስ? የለም። የሶላት ሰዓቱስ? አንድ አለ፣ ግን ከኦጎልቾ ይልቅ ጃካርታን ያውቃል። የባንኩስ? በቅርቡ ይመጣል። የታክሲውስ? እርግጥ ኦጎልቾ ውስጥ ባጃጅ የሚጠራው በፉጨት ነው፤ በአፕ ቢጠራም ግን ለሟች አይመጣም ነበር። ፈጣሪ ፊት ቀርበው «ከምድር ምን ይዘህ መጣህ?» ሲባሉ «በቅርቡ ይመጣል» ብለው እንደሚመልሱ አልጠራጠርም።

ይቅርታ፣ ወደ ሕይወት ታሪኩ ልመለስ።

ሟች ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲረዱ ቆይተዋል። በሀገር ውስጥ የረዳቸው አሰላ ያለው የሞባይል ጥገና ልጅ ነው፤ ገልብጦ አያቸውና «ፍላሽ ላድርጋቸው?» አለኝ። ለራስ ምታትም፣ ለልብ ድካምም፣ ለአፕ እጦትም መድኃኒቱ ፍላሽ ነው። በውጭ ሀገር የረዷቸው ገና ሳይሞቱ ልብሳቸውን ያከፋፈሉት የገዛ አባታቸው ናቸው። ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋትስአፕ ከቤተሰቡ ሁሉ ላይ ተነሳ። ዕለቱ ማርያም ነበር። ሪያድ ያለችው እህቴ በየማርያሙ ትደውላለች፤ ያን ቀን የደወለችው ለጎረቤቴ ስልክ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትየው ለቤተሰቡ የመጨረሻዋን ማሻሻያ ልከው በሩን ዘጉ።

ማን ገደላቸው? ስም አልጠራም፤ ገዳይም ከለቀስተኛው መሀል ነጠላ አዘቅዝቆ ቆሞ ይሆናል። ብቻ ሟች የቪዲዮውን ሰፈር ማሳያ አፕ በራሳቸው ወጪ ሠርተው ቢሄዱ፣ የሰፈሩ ጌታ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. በሩን እንደጠረቀመባቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አፕ ሠሪውም «ሰው ሲበዛ እሠራለሁ» አለ። ገዢውም «አፕ ሲበዛ እገዛለሁ» አለ። ሁለቱ በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ!» ሲባባሉ፣ ሟች ደጅ ቆመው ደርቀው ቀሩ። በጨዋነት ነው የሞቱት ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ስንዴ ልናገር። ስለ ስልክ ቀብር ስንዴን ምን አመጣው የምትሉ ከአርሲ አይደላችሁም።

ሳጉሬ አጎቴ ማሳ አለው። በፊት ሁሉም የሚዘራው ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የመኸር አዝመራ ቢጫ ዋግ መጣና ጠራረገው። ከዚያ «ቢጫ ዋግ አይነካውም» ተብሎ ሁሉም ወደ ዲገሉ ሮጠ፤ አጎቴ ደግሞ የገዛ ወረዳው ስም ያለው ስንዴ ስለሆነ ደረቱን ነፍቶ ዘራ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ገባ። እኔ ሉሚያን ይዤ ማሳው ውስጥ ነበርኩ። አገዳው ላይ ሸክላ የመሰለ ዱቄት፤ በጣት ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። ግማሽ ተጫንኩ፣ አነጣጠረ፤ ጨርሼ ተጫንኩ፣ አነሳ። ከዚያ የልማት ሠራተኛው ዘንድ ፎቶውን ልልክ ብል እሱ የሚጠቀምበት አፕ ሟች ዘንድ የለም። ስልኩን ራሱን ተሸክሜ ሄድኩ። ዋጉ ቀድሞኝ ደረሰ።

አጎቴ ያን ቀን ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ጥፋቱ የዲገሉ አይደለም። ሀገር ሁሉ አንድ ዘር መዝራቱ ነው።»

ዛሬ ከዓለም ስማርት ስልክ እጅግ የሚበዛው ሁለት ዘር ነው፤ አንድሮይድና አይፎን። ዋጉ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያየም አለ። አሜሪካ በግንቦት 2011 ዓ.ም. አንድ የቻይና ስልክ ሠሪን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ብታስገባ፣ ስልኩ አፕ የሚሸምትበት ሱቅ ተዘጋበት። በነሐሴ ሃርመኒ የሚባል የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይፋ አደረገ። መጀመሪያ ሆዱ ውስጥ የአንድሮይድ ኮድ ነበር፣ ሰውም ሳቀበት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአንድሮይድን አፕ የማይቀበለው ወጣ፤ ሳቁ ቀረ። ሩሲያ አውሮራ የምትለው ደግሞ የሟች የእንጀራ ወንድም ዘር ነው፤ ፊንላንድ ውስጥ ሉሚያን ለማንገሥ ሜጎ የሚባለው ወንድማቸው ገና በልጅነቱ ተጣለ፣ ከተጣለው ሴይልፊሽ በቀለ፣ ከሴይልፊሽ አውሮራ። ሕንድም በጥር 2015 ዓ.ም. ባርኦኤስን ከክፍቱ የአንድሮይድ ኮድ ላይ ቀድታ አሳየች። እነዚህ ሁሉ መንግሥት ክርስትና ያነሳቸው ልጆች ናቸው። ሟች ክርስትና አባት አልነበራቸውም፤ ገንዘብ ያለው አባት ብቻ ነው የነበራቸው። ገንዘብ ያለው አባት ሲሰለቸው ይሄዳል።

የእኛስ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለፌስቡክ፣ ለትዊተር፣ ለዋትስአፕና ለዙም የሀገር ምትክ እየተሠራ ነው ተብሎ ነበር። እሱን አልቀብርም፤ ዕድሜ ይስጠው። ነገር ግን የሀገር አፕ ቢወለድም የሚያድረው ከሁለቱ አከራዮች ግቢ ነው። ቁልፉ እነሱ ኪስ ነው። «ነፃ ወጣን» ብሎ መግለጫ የሚሰጠው ወገን መግለጫውን የሚያነበው ከማን ስልክ ላይ እንደሆነ አንድ ሰው ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኛል። እስከዛሬ ዘር ሳይመርጥ ሁሉንም ስልክ እኩል የሚያስተናግድልን የሞባይል ገንዘቡ ኮከብ-127-መሰላል ነው፤ ሟችም ቢደርሱበት በእሱ የሰው ወግ ባዩ ነበር።

ደግሞ ሁሉን ከባዶ እንፍጠር የሚል ይነሳል። ወንድሜ፣ ቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሂድ። በ2004 ዓ.ም. የወጣ፣ የዚህችን የእኛን ከተማ ስም የያዘ የዳቦ ስንዴ አለ፤ ኦጎልቾ ይባላል። የዘሩ መስመር የመጣው ከሜክሲኮው የስንዴ ማዕከል ነው። የእኛ ሰዎች በእኛ አፈር ዘሩት፣ በእኛ ዋግ ፈተኑት፣ መረጡት፣ ስም አወጡለት። እሱም ከዋግ አያመልጥም፤ ግን ተተኪውን የሚመርጥ ሰው ማሳው ላይ አለ። ነፃነት የምለው ይህ ነው። ለስልክ ቁሉምሳ የለንም። ያለን ፍላሽ የሚያደርግ ልጅ ነው።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. አረፈች። ሉሚያ ወዳጄ፣ አንተ ግን ይህን አልሰማህም። ሰድርህ እየተገላበጠ በየደቂቃው ፊቷን ታሳየኝ ነበር፤ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ አንድ ዓይኗን ከፀሐይ ጨፍና። አሁን የያዝኩት ስልክ የሌለው አፕ የለም። እናቴን ሊያሳየኝ ግን መጀመሪያ የይለፍ ቃሌን፣ ከዚያ ፈቃዴን፣ ከዚያ የማከማቻ ክፍያ ይጠይቀኛል። አንተ ምንም አልነበረህም፤ እሷ ነበረችህ።

ይበቃል። ሟች ምንም ልጅ አልተዉም፤ ቻርጀራቸው ብቻ ለጎረቤት ተርፏል። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ድንኳኑ ውስጥ ግቡና ንፍሮ ቅመሱ። ስንዴው ኦጎልቾ ነው፤ አጎቴ ከሳጉሬ አምጥቶት ነው። አምስት ዓይነት ዘር ስለሚዘራ፣ ከየትኛው ማሳ እንደሆነ ጠይቁት፤ ይነግራችኋል።