የደጅ ፎቶ እንዴት ይበላሻል?

ከፋሲካ ማግስት ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ በሰርግ ይሆናሉ። የምርቃት ሰሞን ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ጋውን ለብሰው ፎቶ ፍለጋ ይወጣሉ። ለዚያች ቀን ቤተሰብ ያለ የሌለውን ያወጣል። ታዲያ ፎቶው እንዲበላሽ የሚፈልግ ካለ፣ መንገዱ አምስት ነው።

አንደኛ፣ በቀትር ያንሱ። ሙሽሮቹን ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ መሃል ያቁሟቸው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይወርዳል፣ ግንባር ብቻ ያበራል። ፊት እንዲታይ የሚፈልግ ባለሙያ ግን በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ዳር ያስጠጋቸውና ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራል።

ሁለተኛ፣ የጦሳን ተራራ ይርሱት። ደሴ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ቀጠሮ ይያዙ። ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለቆመ ፀሐይ ከጀርባው ቀድማ ትገባለች፤ ለስላሳው የማታ ብርሃን እርስዎ ሳይደርሱ ያልቃል። ጉም ከወረደም ፕሮግራሙን ይሰርዙ። የደሴ ጉም እኮ ብርሃኑን እንደ ነጭ አንሶላ አጣርቶ ፊት ላይ እኩል የሚያሳርፍ፣ በገንዘብ የማይገኝ መብራት ነው።

ሦስተኛ፣ ካሜራው የለካውን ሁሉ ይመኑ። ካሜራ ያየውን ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ የሙሽራዋ ጠይም ፊት ይጠቁራል። ነገሩ የቆየ ነው፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው «ሸርሊ» የተባለ የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች። ስለዚህ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ይለኩ። በስልክ ከሆነ ፊቷን ነክተው፣ የፀሐይዋን ምልክት ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ፤ የቀሚሱ ጥልፍ መጥፋት ሲጀምር ያቁሙ።

አራተኛ፣ ሀረጎ ድረስ ወጥተው ሀረጎን አያሳዩ። በሀረጎ በኩል ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ያንን ሁሉ ገደልና ጠመዝማዛ ከኋላ አደብዝዘው ያጥፉት። ስልኩን ፊት ላይ ደቅነው ያንሱ፣ አፍንጫ ያብጣል። ከሙሽራው አናት የመብራት እንጨት ይብቀል፤ እግሩንም ቁርጭምጭሚት ላይ ይቁረጡት። ሦስትና አራት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በዙም ማቅረብ፣ ከመጫንም በፊት የምስሉን አራት ጠርዝ በዓይን መዞር፣ ይህን ሁሉ ያድን ነበር። የሚቆሙትም ከመንገዱ በደንብ ርቀው ይሁን፤ ኩርባው ላይ የጭነት መኪና አይጠፋም።

አምስተኛውና ከሁሉ የከፋው ኤዲት ላይ ነው። የማለስለሻውን ፊልተር እስከ መጨረሻው ይግፉት። የሙሽራው አያት አገጫቸውና አንገታቸው ላይ ያለውን ንቅሳት፣ በልጅነታቸው የተነቀሱትን አረንጓዴ መስመር፣ መተግበሪያው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል። የዓይናቸው ዳር መጨማደድ ይጠፋል፣ መልካቸው ሁለት ደረጃ ይቀላል። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶውን ሲያዩ የማያውቋቸውን ሴት ያያሉ።

እኔ የምይዘው ደንብ ይህ ነው፦ በሳምንት የሚድን ብጉር ይነሣ፤ ከሰውየው ጋር የኖረ ሁሉ ይቆይ። ጥላ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላውን ቀለም ሞቅ ያድርጉ፣ የጠቆረውን ፊት በመጠኑ ያውጡ፣ ጠርዙን ያስተካክሉ፤ እዚያ ላይ ይብቃ። ከማተምዎ በፊትም ለባለፎቶዋ ያሳዩአት። «ይህቺስ እኔ አይደለሁም» ካለች እውነቷን ነው፤ ከመጀመሪያው ፋይል ተነሥተው እንደገና ይሥሩላት።