«ማንን ፈልገው ነው?»

የቶዮታዬ ኮምፒውተር ቦክስ የተቃጠለው ላቫጆ ላይ ሞተር ሲታጠብ ውኃ ገብቶበት ነው። አጣቢው «ጋሼ፣ መስታወት መሰለ እኮ!» አለኝ። እውነት ነው፣ መስሏል። መነሳት ብቻ ነው ያቃተው።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ያገለገለ ቦክስ ገዛሁ። ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ገባ። ቁልፍ ሳዞር ስታርተሩ ያጓራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! ዳሽቦርዱ ላይ የጸረ ስርቆቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«አላወቀዎትም፣ ጋሼ» አለኝ ኤሌክትሪሺያኑ።

ቁልፉ ራስ ውስጥ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም፤ የቁልፉን ማስገቢያ ከከበበው ጥቅል ሽቦ ኃይል ተበድራ ኮዷን ትናገራለች። ጸረ ስርቆቱ ይሰማትና ለቦክሱ በምስጢር ቃል «የኛ ሰው ነው» ይለዋል። ቃሉ ካልገጠመ ቤንዚን የለም። የእኔው ቦክስ ደግሞ የድሮ ቤቱን ቃል ነው የሚያውቀው፤ ትናንት የተቀጠረ ዘበኛ የቤቱን ጌታ በር ላይ አቁሞ «ማንን ፈልገው ነው?» እንደሚለው። የያዘው ሻንሲ ቁጥርም የሌላ ሰው ነው። (ይህ ፊደልም አኃዝም ያለበት ባለ 17 ሆሄ ቁጥር ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» አይገቡበትም። መታወቂያ ጸሐፊዎች እንዲህ ቢጠነቀቁ ኖሮ ስሜ በየወረቀቱ ባልተቀያየረ።)

ስለዚህ የእኔው ሻንሲ ቁጥር በላፕቶፕ ሲጻፍበት ባትሪው ቻርጀር ላይ ይሰካል፤ ቮልቴጁ መሐል ላይ ከወረደ ቦክሱ እስከወዲያኛው ሊቀር ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ «ሬዲዮ አጥፉ፣ መብራት አታብሩ» አለ። እኔ በበኩሌ መብራት እንዳይሄድ ተሳልኩ።

ቀጥሎ ትልቅ ጥበብ ስጠብቅ ቁራጭ ሽቦ አወጣ! ከመሪው ሥር ካለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን አገናኘ፣ ቁልፉን «ኦን» ላይ አደረገና «30 ደቂቃ እንጠብቅ» አለ። አንዳንድ ቶዮታ ላይ ቦክሱና ጸረ ስርቆቱ የሚተዋወቁት እንዲህ ነው። ጋራዡ ሁሉ መኪናዋ ዙሪያ ቆሞ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ሽቦዋን ስናይ ቆየን። ለዚህም ይከፈላል።

ተነሳች። የማስተዋወቂያው ሂሳብ ከቦክሱ ዋጋ በለጠ።

ቦክስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ የሚያስተዋውቀውን ሰው ዋጋ ጠይቁ። አሮጌውንም ለቁራሌው አትስጡ፤ የማስታወሻ ቺፑ ከተረፈ በውስጡ ያለው ኮድ ተገልብጦ ወደ ሌላው ቦክስ ሊዛወር ይችላል።