84 ከመቶ

ጌም ልትገዙ ነው? እንግዲያው ራሳችሁን አታድክሙ። ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ የሃያሲዎችን ነጥብ ሰብስቦ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ቀብቶ ያቀርብላችኋል። የየትኛው ሃያሲ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ግን አይናገርም፤ የቤት ምስጢር ነው።

ቁጥሩ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ‹ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ›ን የሠራው ኦብሲዲያን ቦነስ የሚያገኘው አማካዩ 85 ከገባ ነበር። የመጣው 84 ነው። ዛሬ ከፎልአውት ጌሞች ሁሉ ምርጡ እሱ ነው ብለው የሚምሉ ተጫዋቾች ሞልተዋል፤ ቦነስ ግን በመሐላ አይከፈልም።

‹ሳይበርፓንክ 2077›ስ? በዲሴምበር 2020 ከመውጣቱ በፊት ሃያሲዎች የደረሳቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። ዘጠኝና አሥር ዘነበለት። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሕዝብ ነጥቡን አምኖ ገዛ፤ ያገኘው እየተንቀረፈፈ በየመሃሉ ቀጥ የሚል ጌም ሆነ። ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ የበላ ሰው ድንኳኑ ጥግ ስለደረሰው ወጥ ሲመሰክር እንዲህ ነው። በሳምንቱ ሶኒ ጌሙን ከመደብሩ አውርዶ ገንዘብ እመልሳለሁ አለ። ነጥቡ ግን ምን አጠፋ? ጥፋቱ የገዢው ነው፤ የሃያሲውን ኮምፒውተር አብሮ አልገዛማ!

እና ወገኖቼ፣ ነጥቡን እዩ፣ ማንም አልከለከላችሁም። በየትኛው ማሽን ተጫውተው እንደሰጡት ግን ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ደግሞ ብራችሁን ይዛችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ።