ሚዛኑ እስኪረጋ

ልኳንዳ ቤት ገብቶ አንድ ኪሎ ሥጋ ያዘዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ዐውቆም ዝም የሚለው አንድ ቅጽበት አለ፤ ይኸውም ቆራጩ ከሽንጡም ከዳቢቱም አንሥቶ፣ አጥንቱን በዘዴ ከሥር ደብቆ፣ ሥጋውን በሚዛኑ ሰሐን ላይ በወረወረ ጊዜ፣ መርፌው ወደ ፊት ዘልሎ ገና ወደ ኋላ ተመልሶ ሳይረጋ፣ እጁ ከመርፌው ቀድሞ ሥጋውን ወደ ወረቀቱ የሚያሻግርበት ቅጽበት ነው። «ሙሉ ኪሎ ነው፣ ጌታዬ» ይላል። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ፣ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ። ያ መርፌ ግን በኅሊናዬ ውስጥ ሲወዛወዝ ይውላል፤ ሲወዛወዝም ያድራል።

ነገሩ ሐሜት ብቻ ቢሆን በተውሁት፤ ዳሩ ግን ከበስተ ኋላው የፍጥረት ሕግ ቆሟል። በሞላ የሚሠራ ሚዛን የምድርን ስበት በእውነት የሚመሰክረው ዕቃው ረግቶ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ሰሐኑን አስነክተው በድንገት ቢለቁት እንኳ ሞላው በመጀመሪያው ውዝዋዜ እስከ እውነተኛው ክብደት እጥፍ ድረስ ሊለጠጥ ይችላል፤ ከላይ ቢወረውሩትማ ከእጥፍም ያልፋል። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ሙሉ ኪሎ ነው ማለት ነው። ኒውተን ፖም ሲወድቅ አይቶ ምሥጢሩን መረመረ ይባላል፤ የሰፈራችን ሊቅ ደግሞ ዳቢት ሲወድቅ አይቶ ትርፉን መርምሯል።

ለፍትሕ ስል ግን ለቆራጩም ጠበቃ ልቁምለት፤ ምድር በሁሉ ስፍራ እኩል አትስብምና። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1672 ዓ.ም. ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በምድር ወገብ አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ ካየን ተልኮ ሳለ፣ በፓሪስ ልክ የነበረው ባለ ፔንዱለም ሰዓት በዚያ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀር አገኘው፤ ኒውተንም በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ለማስረጃ አቀረበው። ምድር በወገቧ ሰፍታለች፤ በመሽከርከሯም በዚያው ስፍራ ስበቷ ይላላል። አዲስ አበባችን ደግሞ ከወገቡ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ለወገቡ መቅረቧም ከፍታዋም ባንድነት ስበቱን ያላሉባታል። ስለዚህ በፓሪስ ተስተካክሎ የመጣ ባለ ሞላ ሚዛን እዚህ ዳግመኛ ካልተስተካከለ ከኪሎው ላይ ከሦስት እስከ አራት ግራም አጕድሎ ያነባል፤ መርፌውን አርግቶ ኪሎ የሚሞላ ሻጭ ቢኖር ያን ያህል ከራሱ ጨምሮ ይሰጣል። ሥጋ ሻጭ የሚከስርበት ሕግ ቢኖር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወርቅ ሠሪው የሚይዘው ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ ስበቱ ቢላላ ለሁለቱም ሰሐን እኩል ይላላልና። በላዔ ሰብእ የተመዘነበትም ሚዛን በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን እንደምናየው ባለ ሁለት ሰሐን ነው፤ በአንዱ የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ለተጠማው የሰጠው ጥርኝ ውሃ፤ እመቤታችንም ጥላዋን ብታሳርፍበት ውሃው መዘነ። በዚያ ሰዓት ሚዛን ያዡ የእኛ ቆራጭ ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ ባዘነበለው ፈርዶ ነፍሲቱን በወረቀት ጠቅልሏት ነበር።

ለሚወዛወዘው መርፌ መድኃኒት ጠፍቶ እንዳይባል፣ በየግድግዳችን የተሰቀለውን የቀድሞውን የመብራት ቆጣሪ ማየት ይበቃል። የኤሌክትሪኩ ፍሰት በሽቦው ጥቅልል ሲያልፍ የመግነጢስ መስክ ይፈጠራል፤ ያም ሥውር መስክ የአሉሚኒየሙን ዝርግ ሳይነካው ያሽከረክረዋል፤ በወዲያኛው ጠርዝ የተቀመጠው ቋሚ ማግኔት ደግሞ፣ አሉሚኒየምን መሳብ የማይችለው እርሱ፣ በሚዞረው ዝርግ ውስጥ ፍሰት አሳድሮ በዚያው ፍሰት እንቅስቃሴውን ይገታዋል። ረቂቅ ሚዛን የሚሹ ቤተ ሙከራዎችም በዚሁ ጥበብ መርፌአቸውን ወዲያው ያረጋሉ። ለመብራት ሒሳብ ይህን ያህል የተጨነቀው ማግኔት ለሥጋ ሒሳብ ሲሆን ወዴት ገባ?

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ልተወው። ለባለጸጋ ሃምሳ ግራም የድመት ድርሻ ነው፤ ለበዓል ብላ ሩብ ኪሎ የምትገዛ እናት ግን ከአንድ ልጇ ጕርሻ ላይ ነው የተሰረቀችው። ይባስ ብሎ አንዱ ደፍሮ «እስቲ ይርጋ፣ ወንድሜ» ያለ እንደ ሆነ፣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ እንደ ቋጣሪ ይገላምጠዋል፤ «ምን ያካብዳል!» ይለዋል። ሰሎሞን በሐሰተኛ ሚዛን ላይ የተናገረውን በየእሑዱ ሰምተን ስናበቃ፣ ሰራቂው ቀና ብሎ የተሰረቀው የሚያፍርበትን ይህን ልማድ ይሉኝታ ብለን በምግባር መዝገብ መጻፋችን እጅግ ያናድደኛል!

ይሁን እንጂ ያው ቆራጭ፣ ሥጋውን ከጠቀለለ በኋላ፣ ቢላዋውን ሰንዘር አድርጎ አንዲት ጮማ ይቆርጥና «ለልጆች» ብሎ ምራቂ ይጨምራል፤ ሳይመዝናት። የተወሰደው ሳይታወቅ የተጨመረውም ስለማይታወቅ፣ በዚህ መሐል ሒሳብ የሚሠራ ሊቅ አልተወለደም።

ደግሞስ ዐቢይ ጾም ሲገባ ልኳንዳ ቤቱ ለ55 ቀን ተዘግቶ ነገሩ ወደ ምስር ሻጯ ይዛወራል፤ እርሷ ደግሞ በጣሳ ሰፋሪ ናት። ባለቤቴ ጣሳውን መሬት ላይ መታ መታ ማድረግ ለገዢ ይበጃል ትላለች፤ እህሉ ተጠቅጥቆ ብዙ ይይዛልና። ጎረቤታችን ያሉት ባልቴት ግን «ከመታች በኋላ ካልከመረችው ምን ሊረባ!» ይላሉ፤ ባለቤቴም ምስር ከዱቄት ይልቅ ስለሚንሸራተት ብዙ አይከመርም ብላ ትመልሳለች። የባቄላው ነገር ገና አልተነሣም።