በሶኬት የምትሰካ ፀሐይ

ስቶክሆልም፣ ታኅሣሥ

ይድረስ ለእትዬ፣

እኔ ከእርስዎና ከፀሐይ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝ ፊቴ ላይ የሚያበራውን ነጭ ነገር አይተው «ፖሊስ ያዘህ እንዴ?» ብለው ደነገጡ፤ ወዲያው ስልኩ ተቋረጠና ሳላስረዳዎ ቀረሁ። ኧረ ማንም አልያዘኝም። ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር።

እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፤ ያውም ደመናው ካሳያት። ሥራ ስገባ ጨለማ፣ ስወጣ ጨለማ። ከኅዳር ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለው ጀመር። እንቅልፍ አልጠግብም፤ ዳቦና ፓስታ ካገኘሁ አልመለስም። ለእርስዎ ብነግርዎ «መብላትና መተኛት ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?» ብለው ጠበል አዘዙልኝ። እዚህ ያማከርኳት ነርስ ግን ገና ሳልጨርስ ገባት፤ የብርድ ወራት ድብርት ነው አለች።

ይህን ድብርት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1984 እ.ኤ.አ. በጥናት የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም ነው። ሰውየው ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ብርዱ በመጣ ቁጥር ጉልበት ሲከዳው ነው ነገሩን የጠረጠረው። ያገሩን ፀሐይ ትቶ የመጣ ሰው ካልሆነ ማን ያስተውለዋል?

በቪዲዮ ያዩት ነጭ ነገር እንግዲህ ለዚህ ድብርት የሚሆን መብራት ነው፤ ትሪ ያክላል፣ ጠፍጣፋ ነው። ኃይሉ 10,000 ሉክስ ነው፤ የቤት መብራት ጥቂት መቶ ቢደርስ ነው። ጠዋት እንደተነሳሁ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ለግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። አፍጥጬ አላየውም፤ በጎን እያበራብኝ ቁርሴን እበላለሁ። ብርሃኑ በዓይን ገብቶ አንጎልን «ነግቷል፣ ተነሥ» ይለዋል፤ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞንም ይቀንሳል። አይሞቅም ታዲያ! አልትራቫዮሌቱ ተጣርቶ ስለሚቀር ቫይታሚን ዲ የፈለገ እንክብሉን ለብቻ ይገዛል። እርስዎ ግድግዳ ተደግፈው በነጻ የሚያገኙትን እዚህ በሁለት ደረሰኝ ይሸጡታል።

በሰሜን ኡሜዮ በምትባል ከተማ ደግሞ መብራት ኃይላቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ብርሃን አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ተክሎላቸው ነበር። አውቶቡስ ዘገየ ብሎ የማይቆጣ ሕዝብ ያኔ ሳይኖር አይቀርም።

እኔስ እየዋለ እያደረ ተሽሎኛል። አብሮኝ የሚኖረው የሰፈራችን ልጅ ግን «ጠዋት ካልተመቸኝ ማታ እሞቀዋለሁ» ብሎ ከራት በኋላ መብራቱ ፊት ተገተረ። ማታ የበራበት ሰው እንቅልፍ ከየት ይመጣለታል? ዓይኑ ፈጥጦ ላገር ቤት ዘመድ ሁሉ ሲደውል አደረ። በዚያ ሌሊት እርስዎንም የቀሰቀሰዎት እሱ ነው። መርዶ መስሎዎት ነጠላዎን ዘቅዝቀው እስከ መነሣት እንደደረሱ ሰምቻለሁ፤ ይቅር ይበሉት። አሁን ማታ ማታ መብራቱን ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።

ሽሮው ከተፈጨ ሰው ሲመጣ ይላኩልኝ። ጠበሉንም በሃይላንድ አድርገው ይጨምሩበት፤ ነርሷ እንደሆን አልከለከለችኝም።

ልጅዎ