ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም

ግቢያችን ዋይፋይ የለውም የሚል ስም አጥፊ ነው። አለው እንጂ! ስሙ ላፕቶፑ ላይ ይወጣል፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ይቀበላል፣ «ተገናኝቷል» ብሎም ያበስራል። ከዚያ በታች «ኢንተርኔት የለም» ማለቱ ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ቀን ቀን ከላይብረሪው ደረጃ ሥር፣ ጣሪያው ላይ ከተሰቀለችው ነጭ የዋይፋይ ሣጥን ግርጌ፣ ተማሪው ላፕቶፑን ታቅፎ እንደ ጠበልተኛ ይኮለኮላል። ጥፋቱ የሣጥኗ ብቻ አይደለም። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል፤ ግንበኛችን ደግሞ በግድግዳ አልሰሰተም። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግን ሳይጋፉ የሚሠሩት ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ያም ሆኖ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ ይበራል፤ ተጠቃሚው ሁሉ ሲተኛ ማለት ነው።

በዚህ መሀል የከበረው ፓኬጅ ያለው የዶርም ልጅ ነው። አልጋው ይነጠፍለታል፣ ሻይ ይጋበዛል፤ «ወንድሜ፣ ሆትስፖት ክፈትልኝማ፣ አሳይመንቷን ብቻ ልላክ» ይባላል። እሱም ይከፍታል። ዊንዶውስ የሰው ፓኬጅ መሆኑን ማን ነግሮት! የከረመ አፕዴቱን ሁሉ መጎተት ይጀምራል። ሴቲንግ ገብቶ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የምትለዋን ማብራት አፕዴቱን በአብዛኛው ይገታዋል፤ ተማሪው ይህን የሚያውቀው ግን ፓኬጁ ካለቀ በኋላ፣ ከባለፓኬጁ ጋርም ከተኳረፈ በኋላ ነው።

አቤት ለማለት አይሲቲ ቢሮ ለሄደ፣ መልሱ አጭር ነው፦ «በኢሜይል ላክልን።»